ርዝመቷን አይታችሁ አትመኗት፦ የዘር ሕዋስን ትንንሽ አር ኤን ኤዎች እንዴት መመርመር እንደሚቻል

ከፍራፍሬ ዝንብ የእንቁላል ዕጢ ያወጣሁትን አር ኤን ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የፊደላቱን ቅደም ተከተል በማሽን አስነብቤ ውጤቱን ስከፍት፣ በርዝመት ሥዕሉ ላይ 30 ከሚለው ቁጥር በላይ አንድ ምሰሶ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ቆሟል። የምፈልገው የዘር ሕዋስ ትንሽ አር ኤን ኤ፣ ፓይ አር ኤን ኤ መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ሥዕሉን ይዤ በየጠረጴዛው ዞርኩ። በማግስቱ አንዲት ነገር የማታልፍ ባልደረባዬ «ቅደም ተከተሉስ ምን ይላል?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። አብረን ስናየው የምሰሶው አብዛኛው ክፍል አንድና ያው ሞለኪውል ሆኖ ተገኘ፤ 2ኤስ የሚባለው የራይቦሶም አር ኤን ኤ። ዝንቦች በራይቦሶማቸው ውስጥ 30 ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ ፊደል) የምትረዝም ይህች ቁራጭ አለቻቸው። ርዝመቷ እኔ ከምፈልገው ጋር ስለሚገጥም ከጄሉ አብራ ተቆርጣ፣ አብራ ተባዝታ፣ አብራ ተነብባለች። የሁለት ወር ሥራዬ የራይቦሶም ፎቶግራፍ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ አር ኤን ኤን በርዝመቷ ብቻ ስም አልሰጣትም። የትኛው ፕሮቲን እንደያዛት፣ ጫፏ እንዴት እንደተዘጋ፣ ከትይዩዋ ጋር በስንት ፊደል እንደምትደራረብና ስትጠፋ ምን ነገር እንደሚፈታ አያለሁ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ይህንን የማጣራበትን መንገድ ነው። አብዛኛው በአይጥ የዘር ፍሬ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነውና።

ማንን ነው የምትፈልጉት?

በእንስሳት የዘር ሕዋስ ውስጥ ሦስት ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ኑክሊዮታይድ ያህል ይረዝማል፤ ዳይሰር የሚባለው ኢንዛይም ይቆርጠዋል፣ አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል፣ ሁለቱ ተባብረው መልእክተኛ አር ኤን ኤዎችን ያዳክማሉ። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ግኝት ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣው ግን በ1993 ነበር። ኤስ አይ አር ኤን ኤም የዳይሰር ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የሚቆረጠው ከረጅም ድርብ ክር መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ፓይ አር ኤን ኤ ነው፤ የዘር ሕዋስ ዋነኛ ጉዳይም እሱ ነው። በ2006 በአይጥ የዘር ፍሬ ውስጥ በብዛት መኖሩ ታውቆ ስም ወጣለት። ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 31 ኑክሊዮታይድ ይረዝማል፣ ከነጠላ ክር ይሠራል፣ ዳይሰርን አይፈልግም፣ ተሸካሚዎቹም የፒዊ ፕሮቲኖች ናቸው። ፒዊ የሚለው ስም የዝንብ ተመራማሪዎች ቀልድ ነው፤ ዘረ መሉ የተበላሸበት ወንድ ዝንብ የዘር ፍሬው ስለሚኮሰምን የወጣ ስም ነው። የፓይ አር ኤን ኤ ጥንታዊ ሥራ ትራንስፖዞኖችን፣ ማለትም በጂኖም ውስጥ ራሳቸውን እየገለበጡ የሚዘሉ ዘረ መሎችን፣ ማፈን ነው። በጉበት ሕዋስ ውስጥ የተከሰተ ዝላይ ከባለቤቱ ጋር ይሞታል። በዘር ሕዋስ ውስጥ የተከሰተ ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ጥበቃው የጠነከረው እዚያ ነው።

ስለ ርዝመት የተናገርኩትን ለማጽናት አንድ ነገር ልጨምር። በሲ ኤሌጋንስ ትል ውስጥ ፓይ አር ኤን ኤ 21 ኑክሊዮታይድ ብቻ ነው። የአይጥን ሚዛን ይዞ ወደ ትል የሄደ ሰው ፓይ አር ኤን ኤውን ሁሉ ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ በኬሚካል አይደለም፤ በዕድሜ ነው። የዘር ፍሬ አንድ ዓይነት ሕዋስ የያዘ ከረጢት አይደለም። በአይጥ ውስጥ የመጀመሪያው የዘር ሕዋሳት ማዕበል በአንድ ላይ ስለሚጓዝ፣ የተወለደበትን ቀን በመቁጠር ብቻ ውስጡ ምን እንዳለ መገመት ይቻላል። በ10ኛው ቀን ሜዮሲስ (የዘር ሕዋስ ልዩ ክፍፍል) ገና እየጀመረ ነው። በ14ኛው ቀን ፓኪቲን የሚባለው የሜዮሲስ ደረጃ ላይ የደረሱ ሕዋሳት ብቅ ይላሉ። በ20ኛው ቀን አካባቢ ክብ ስፐርማቲዶች (ገና ቅርጻቸውን ያልያዙ የወንድ ዘሮች) ይታያሉ።

የአይጥ የፒዊ ፕሮቲኖችም፣ ሚሊ፣ ሚዊና ሚዊ2፣ በዚህ ቀን መቁጠሪያ ይመራሉ። ሚዊ2 የሚታየው ፅንሱ ከመወለዱ በፊትና ከተወለደ በኋላ ባሉ ጥቂት ቀናት፣ የወንዱ የዘር ሕዋስ የዲ ኤን ኤ ሜቲል ምልክቶቹን እንደገና በሚጽፍበት ጊዜ ነው። ከኒውክለስ ገብቶ ትራንስፖዞኖቹ በሜቲል እንዲዘጉ ያደርጋል። ሚሊ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ስፐርማቲድ ይዘልቃል። ሚዊ ደግሞ በፓኪቲን ይጀምራል። የሚይዟቸው አር ኤን ኤዎች ርዝመት ይለያያል፤ ሚሊ 26፣ ሚዊ2 28፣ ሚዊ 30 ኑክሊዮታይድ ያህል።

ስለዚህ የትራንስፖዞን አፈና ጥያቄ ይዞ ጎልማሳ አይጥ ማረድ ከንቱ ድካም ነው። በጎልማሳው የዘር ፍሬ ውስጥ የፓኪቲን ፓይ አር ኤን ኤ ሁሉን ይሸፍነዋል፤ እሱ ደግሞ አብዛኛው ከትራንስፖዞን ጋር አይገጥምም። ሦስት ሳምንት የደከመ ተማሪ ውጤቱን ይዞ መጥቶ «ትራንስፖዞኖቹ የት ሄዱ?» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የእንስሳው ዕድሜ ነው።

አወጣጥ

የተለመዱት የአር ኤን ኤ ማጽጃ አምዶች ከ200 ኑክሊዮታይድ የሚያጥረውን አጥበው ይጥላሉ። ለመልእክተኛ አር ኤን ኤ ሥራ ይህ ጥቅም ነው፤ ለእኛ ግን ዕቃውን ከቆሻሻው ጋር መድፋት ነው። ለትንንሾቹ ተብሎ የተዘጋጀ ኪት ከሌላችሁ ትራይዞል የተባለው የማውጫ ፈሳሽ ይበቃል። በአይሶፕሮፓኖል ስታዘቅጡ ጥቂት ግላይኮጅን ጨምሩ፣ ሌሊቱን በቅዝቃዜ አሳድሩት፣ ዝቃጩን የምታጥቡበት ኤታኖል ደግሞ ከ70 በመቶ ይልቅ 80 ይሁን፤ ውሃ ሲበዛ ትንንሾቹ ይሟሟሉና።

ከዚያ ዩሪያ ባለው የ15 በመቶ ፖሊአክሪላማይድ ጄል ላይ አውርዱት። ከጎልማሳ አይጥ የዘር ፍሬ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ታያላችሁ፤ ጄሉን ቀለም ነክራችሁ መብራት ስታበሩበት ከ30 አካባቢ የፓይ አር ኤን ኤው መስመር በዓይን ይታያል። ከጉበት ወይም ከአንጎል ይህ አይታይም። ከ18 እስከ 35 ያለውን ቁረጡ። የርዝመት መለኪያ የሆነውን ሰው ሠራሽ አር ኤን ኤ ከናሙናው አጠገብ አታስቀምጡ፤ ቢያንስ አንድ ባዶ መስመር ይኑር። መለኪያው ወደ ናሙናው ከፈሰሰ ከሁሉ በልጦ ይነበባል፤ ይህንንም የማውቀው ከራሴ ጄል ነው።

በዝንብ የምትሠሩ ደግሞ 2ኤስን በዚህ ጊዜ አስወግዱ። ለእሱ የሚገጥም ዲ ኤን ኤ አዘጋጅቶ አጥምዶ ማውጣት ይቻላል። ያለማስወገዱን ዋጋ እኔ ከፍያለሁ።

የጫፍ ፈተና

የምወደው ሙከራ ይህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ውሸትም አያውቅም። ፓይ አር ኤን ኤ ሲጠናቀቅ ሄን1 የሚባል ኢንዛይም በ3 ፕራይም (በመጨረሻው) ጫፉ ላይ ሜቲል ያስቀምጥበታል። የአይጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን ጫፉ ክፍት ነው። ሶዲየም ፐርአዮዴት ክፍት የሆነውን ጫፍ ያበላሻል፣ ሜቲል ያለበትን ግን ሊነካው አይችልም። የተበላሸ ጫፍ ደግሞ አዳፕተር (ለማስነበብ የሚቀጠለው አጭር ቁራጭ) አይቀጠልለትም።

አር ኤን ኤውን ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ፒ ኤች 8.6 በሆነ የቦሬት መፍትሔ ውስጥ ከ25 ሚሊሞላር ፐርአዮዴት ጋር ለ30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት፣ ከብርሃን ጋርዳችሁ አቆዩት። ሌላውን ግማሽ ያለ ፐርአዮዴት በተመሳሳይ መንገድ አሳልፉት። ሁለቱንም አስነብቡ። በፐርአዮዴቱ በኩል የ22 ምሰሶ ወድቆ የ26 ወይም የ30 ምሰሶ ከቆመ የጫፉ ነገር ተረጋገጠ። የራይቦሶም ቁራጭም፣ የመበስበስ ፍርፋሪም አብረው ይወድቃሉ። ሁለቱም ምሰሶዎች ሳይነቃነቁ ከቀሩ ኬሚካሉ አርጅቷል፤ ፐርአዮዴትን በየጊዜው አዲስ በጥብጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዝንብ ውስጥ ኤስ አይ አር ኤን ኤም ሜቲል ስለሚደረግበት ይተርፋል፤ በ21 ላይ የሚቀር ምሰሶ ካያችሁ አትደንግጡ። በትሉም ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትንንሽ አር ኤን ኤዎች በ5 ፕራይም (በመነሻ) ጫፋቸው ላይ ሦስት ፎስፌት ተሸክመዋል፤ አስቀድሞ በኢንዛይም ካልተነሳላቸው ለንባብ ወደሚዘጋጀው ስብስብ (ላይብረሪ) አይገቡም፣ የሉም ተብሎም ይጻፋል።

ቅጥያ

አዳፕተር ሲቀጠል ለ3 ፕራይሙ ጫፍ አስቀድሞ የተዘጋጀ አዳፕተርና የተቆረጠውን ቲ4 አር ኤን ኤ ላይጌዝ 2 ተጠቀሙ፤ ኤ ቲ ፒ አትጨምሩ፤ ካለ አር ኤን ኤዎቹ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ሜቲል ያለበት ጫፍ ሰነፍ ነው፤ ለማይክሮ አር ኤን ኤ የሚበቃው አንድ ሰዓት ለፓይ አር ኤን ኤ አይበቃም። እኔ 25 በመቶ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ጨምሬ በ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳድረዋለሁ። ላይጌዝ አድሏዊ ስለሆነ በአዳፕተሮቹ ጫፍ ላይ አራት የዘፈቀደ ፊደላት ያሏቸውን ምረጡ። የፒ ሲ አር ዑደቱን አሳንሱ። ቀሪውን የኪቱ መመሪያ በደንብ ያስረዳችኋል።

በኮምፒውተር ላይ

ባለ 50 ፊደል ነጠላ ንባብ በቂ ነው። አዳፕተሩን ከትአዳፕት በተባለው ፕሮግራም አንሱ፣ አራቱን የዘፈቀደ ፊደላትም ቁረጡ፤ ይህን መርሳት ርዝመቱን ሁሉ ያዛባል። ከዚያ የራይቦሶም፣ የቲ አር ኤን ኤና የታወቁ ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን ለይታችሁ ቀሪውን ቦውታይ በተባለው ፕሮግራም ጂኖም ላይ አሳርፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በሌላ ሥራ የለመድነው ሥርዓት «ከአንድ በላይ ቦታ የሚገጥመውን ንባብ ጣል» ይላል። ትራንስፖዞን ግን በትርጉሙ በብዙ ቦታ የተገለበጠ ነገር ነው። ያን ሥርዓት የተከተለ ሰው የፈለገውን ነገር በገዛ እጁ ጥሎ «ትራንስፖዞን ላይ ያረፈ ንባብ የለም» ብሎ ይጽፋል። አንድ ንባብ በአሥር ቦታ ከገጠመ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ አሥረኛ ስጡት፤ ወይም ንባቦቹን በቀጥታ በየትራንስፖዞኑ የጋራ ቅደም ተከተል ላይ አሳርፏቸው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ሁለቱ መልስ ከተለያዩ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ ማለት ነው።

አሁን ፊደላቱን ተመልከቱ። ፓይ አር ኤን ኤ በአብዛኛው ዩ በሚባለው ፊደል ይጀምራል። ቀጥሎ የሚመጣው የፒንግ ፖንግ ምልክት ነው፤ በ2007 በዝንብ የተገለጠው ይህ ዑደት ከዚህ መስክ ውበቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ከትራንስፖዞኑ ተቃራኒ ክር የመጣች ፓይ አር ኤን ኤ ፒዊ ፕሮቲንን እየመራች የትራንስፖዞኑን አር ኤን ኤ ታገኛለች፤ ፕሮቲኑም ከመሪዋ 5 ፕራይም ጫፍ ተቆጥሮ ከ10ኛውና ከ11ኛው ፊደል መካከል ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ቁራጭ ራሱ አዲስ ፓይ አር ኤን ኤ ይሆናል፤ ተመልሶም ተቃራኒውን ክር ያስቆርጣል። ትራንስፖዞኑ በጮኸ ቁጥር የሚገድለውን መሣሪያ ያባዛል። ይህ ዑደት የሚተወው አሻራ አንድ ነው፦ በተቃራኒ ክሮች ላይ ያሉ ሁለት ንባቦች በ5 ፕራይም ጫፋቸው በኩል በትክክል በ10 ፊደል ይደራረባሉ፤ አዲሲቱም በ10ኛ ቦታዋ ላይ ኤ ይበዛባታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ትራንስፖዞን የሚደራረቡ ጥንዶችን ከ1 እስከ 20 ፊደል ቁጠሩ፣ የ10ን ቁጥር ከሌሎቹ አማካይና መለዋወጥ ጋር አነጻጽሩ። 10 ብቻውን ከወጣ ዑደቱ እየዞረ ነው። ካልወጣ ግን ፓይ አር ኤን ኤ የለም አትበሉ፤ የጎልማሳ አይጥ የፓኪቲን ፓይ አር ኤን ኤ በአብዛኛው ያለ ፒንግ ፖንግ ነው የሚሠራው።

መጠን ስታወዳድሩ

ጤናማ አይጥንና ዘረ መሉ የተሰረዘበትን አይጥ ስታወዳድሩ ከጠቅላላ ንባብ በመቶኛ አትቁጠሩ። ለምን እንደሆነ በትንሽ ቁጥር ላሳያችሁ። በጤናማው ውስጥ 80 ፓይ አር ኤን ኤና 20 ማይክሮ አር ኤን ኤ አሉ እንበል። በሌላው ፓይ አር ኤን ኤው ወደ 5 ወረደ፣ ማይክሮ አር ኤን ኤው አልተነካም። መቶኛው ሲሠራ ማይክሮ አር ኤን ኤ ከ20 ወደ 80 በመቶ ዘለለ ይላችኋል። ምንም አልዘለለም። በእኩል መጠን የተመዘነ ሰው ሠራሽ አር ኤን ኤ ገና ከማውጣቱ ጊዜ ጀምሮ በሁለቱም ናሙናዎች ጨምሩና በእሱ ለኩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሕዋሶቹ ራሳቸው መጥፋታቸው ነው። ሚሊ ወይም ሚዊ2 የጎደለው ወንድ አይጥ የዘር ሕዋሱ በሜዮሲስ መጀመሪያ ላይ ይቆማል፤ ሚዊ የጎደለው ደግሞ በክብ ስፐርማቲድ ላይ። በጎልማሳ ዕድሜ ካወዳደራችኋቸው የፓኪቲን አር ኤን ኤ «ጠፋ» የምትሉት ፓኪቲን ላይ የደረሰ ሕዋስ ስለሌለ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሕዋሱ ከመቆሙ በፊት ባለው ቀን አወዳድሩ። ቀን ቁጠሩ ያልኩት ለዚህም ነው።

መኖር ሌላ፣ መሥራት ሌላ

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ አር ኤን ኤዋ ማን እንደሆነች ይነግራል። ዘረ መል መቆጣጠሯን ግን አላሳየም። መጀመሪያ የፒዊ ፕሮቲኑን በፀረ እንግዳ አካል አጥምዳችሁ አብራው የወጣችውን አስነብቡ፤ ያልተያዘች አር ኤን ኤ አትሠራም። ቀጥሎ ፕሮቲኑ በሌለበት አይጥ የትራንስፖዞኖቹ አር ኤን ኤ ከፍ ማለቱን ለኩ፤ በአይጥ ኤል1ና አይ ኤ ፒ የተባሉትን ትራንስፖዞኖች ተመልከቱ።

ከፍ ካሉ አፈናው የት እንደነበር ጠይቁ። በኒውክለስ ከሆነ የኤል1 መነሻ ቦታ የሜቲል ምልክቱን አጥቶ ታገኙታላችሁ፤ ባይሰልፋይት በተባለው የሜቲል መለያ ኬሚካል ይታያል። በዝንብ ዲ ኤን ኤውን ትታችሁ የሂስቶን (ዲ ኤን ኤ የሚጠመጠምበት ፕሮቲን) ምልክት ፈልጉ፤ በኤች3 ፕሮቲን 9ኛው ላይሲን ላይ ያለው ሦስት ሜቲል ሲቀንስ በር ተከፈተ ማለት ነው። አፈናው ከኒውክለስ ውጭ በመቁረጥ ከሆነ ደግሞ የተቆረጡት ቁራጮች ጫፍ ከመሪዋ 10ኛና 11ኛ ፊደል ትይዩ በትክክል ይገጥማል።

ስለ ዒላማ ፍለጋ ፕሮግራሞች ብዙ እምነት የለኝም። የፓይ አር ኤን ኤ ዓይነት እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ጥቂት አለመግጠም ከፈቀዳችሁ በዘር ፍሬ ውስጥ ያለ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ሁሉ ዒላማ ይሆናል። የፓይ አር ኤን ኤዎቹን ፊደላት በጥብጣችሁ ፍለጋውን ድገሙት፤ የተበጠበጠውም ያን ያህል ዒላማ ካገኘ ዝርዝሩን ጣሉት። የሚታመነው የአር ኤን ኤዋን መነሻ ቦታ ከጂኖም ሰርዞ ውጤቱን ማየት ነው። በአይጥ 6ኛ ክሮሞሶም ላይ ያለው ፓይ6 የተባለ የፓኪቲን ቦታ ሲሰረዝ የወንዱ ዘር የእንቁላሉን ሽፋን መብሳት ያቅተዋል፤ ይህ በ2020 ታትሟል። ሌላ ቦታ ተሰርዞ ደግሞ ወንዱ ያለችግር መዋለዱን ቀጥሏል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ መልስ አትጠብቁ።

ወደ እንቁላል የምትሄዱ ሰዎች

የአይጥ እንቁላል ሕዋስ ሌላ ዓለም ነው። ሚሊ፣ ሚዊ ወይም ሚዊ2 የሌላት ሴት አይጥ ትወልዳለች። በእሷ እንቁላል ውስጥ ሥራውን የያዘው ኤስ አይ አር ኤን ኤ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ትራንስፖዞን በዳይሰር ዘረ መል ውስጥ ገብቶ አጭርና ፈጣን የሆነ የዳይሰር ዓይነት እንዲሠራ አድርጓል። የማይክሮ አር ኤን ኤ ጉልበትም እዚያ ደካማ ነው። ይህ የአይጥና የቅርብ ዘመዶቿ ጠባይ ነው። በወርቃማ ሐምስተር ውስጥ፣ አይጥ የሌላት ፒዊ አለች፤ እሷ ስትሰረዝ የሴቷ የመውለድ አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ከአይጥ እንቁላል ወደ ሌላ አጥቢ እንቁላል ዘልላችሁ አትደምድሙ።

የበሰለ የወንድ ዘር የምትመረምሩ ደግሞ ሌላ ምሰሶ ይጠብቃችኋል፤ ከ30 እስከ 34 ላይ። እንደ እኔ ሥዕል ይዛችሁ አትዙሩ። ብዙው የቲ አር ኤን ኤ 5 ፕራይም ግማሽ ነው። በ2016 የአባት አመጋገብ የእነዚህን ቁራጮች መጠን በአይጥ እንደሚለውጥ ታይቷል፤ ጥናቱ ቀልብ ስቦ ብዙ ሰው ገብቶበታል፤ ናሙናው ግን በቀላሉ ይበከላል። ጥቂት የአካል ሕዋስ ከወንዱ ዘር ጋር ከተቀላቀለ አር ኤን ኤው ከሁሉ ይበልጣል፤ የአንድ የወንድ ዘር አር ኤን ኤ እጅግ ጥቂት ነውና። መጀመሪያ በለስላሳ ሳሙና የአካል ሕዋሱን አፍርሱ፣ በማይክሮስኮፕ ቆጥራችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ዲ ቲ ቲ ጨምራችሁ የወንዱን ዘር ክፈቱ፤ ያለ እሱ ጭንቅላቱ አይከፈትም። ከአር ኤን ኤው ጥቂት ሳትነኩ በሲቀነስ 80 ዲግሪ አስቀምጡ፤ የፐርአዮዴት ፈተናውን የሚጠይቅ ገምጋሚ አይጠፋም።